ሃያ ሦስት ሰከንድ

ሰኞ ከቀትር በኋላ አናጢው በገዛ ወርክሾፑ ውስጥ ተቃጥሎ ሞተ። እኔ ስደርስ እሳቱ ጠፍቶ ጢሱ ብቻ ቀርቶ ነበር። በሩን በመዶሻ የሰበረው ጎረቤቱ በያጁ ነው፤ ሁለት እጁ ተላልጦ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል።

«በሩ እንዴት ነበር?» አልኩት።

«ተቆልፎ ነበራ! ያውም ከውጭ። ይኸውልህ።» በእግሩ ወደ አንድ ትልቅ ጓጉንቸር ጠቆመኝ። ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ፣ ከተነቀለው ማጠፊያ ጋር መሬት ላይ ወድቋል።

በመርማሪነት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። በሩ ከውጭ ተቆልፎ ውስጡ ሰው ከተቃጠለ፣ ሌላ ማስረጃ የሚፈልግ ሰነፍ ብቻ ነው ብዬ አምን ነበር። ሰነፉ ማን እንደሆነ ወደ ኋላ ይታያል።

አስከሬኑ ከኋላው መስኮት ሥር ነበር። መስኮቱ ሌባን የፈራ ሰው ያስገጠመው ወፍራም ብረት አለው። የሟቹ ቀኝ እጅ የቀለጠ ስልክ ጨብጦ ደርቋል። ለረዥም ጊዜ ቆሜ ያየሁት ያንን እጅ ነው። እሳት መሃል ሆኖ ስልክ ያነሳ ሰው የሚደውለው አንድ ቦታ ነው፤ የአደጋ ጥሪ ማዕከል። ማዕከሉ ግን በማግስቱ ስንጠይቀው ምንም ጥሪ አልደረሰኝም አለ። የእሳት አደጋው መኪና የመጣው በያጁ ስልኩን ቤት ረስቶት ስለነበር በሞተር ሳይክል ጣቢያው ድረስ በርሮ ሄዶ ስለጮኸ ነው። ያም ቢሆን ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ሆኖ ነበር።

የስልክ መሥሪያ ቤቱን የጥሪ ዝርዝር ጠየቅን። አሥራ አምስት ቀን ጠብቁ አሉን። ቢሰጡንም መደወሉን እንጂ የተናገረውን አይነግሩንም።

«ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር?» አልኩት በያጁን።

የተላላጠ እጁን እፍ እያለ፣ «ከልጁ ጋር» አለ። «ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ልጁ 'ከእንግዲህ አባት የለኝም' ብሎ ሲጮህ ሰምቻለሁ። ከዚያ በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ።»

ልጁን የያዝነው ሳይመሽ ነው። የጓጉንቸሩ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነበር።

*

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ጣቢያ ስገባ አንዲት ሴት በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ በፎጣ የተጠቀለለ ምሳ ዕቃ አለ። የአናጢው ሚስት ናቸው። ጥበቃው፣ «ከንጋት ጀምሮ እዚህ ናቸው፤ ግቡ ብላቸውም እምቢ አሉ» አለኝ።

«እህቴ፣ ምግቡ ለልጅዎ ነው?» አልኳቸው።

«ለልጄ ነበር።»

«ታዲያ አይሰጡትም?»

ፊታቸውን ቀና አድርገው አዩኝ። ዓይናቸው ደርቋል፤ የሚያለቅሱበት ጊዜ አልደረሰም።

«አባቱን ገድሎ ከሆነ ከእጄ አይበላም። ካልገደለ ደግሞ ጦሙን የማሳድረው እኔ ነኝ። ባሌን ትናንት አጣሁ። ልጅስ አለኝ ወይስ የለኝም? ያንን ብቻ ንገሩኝ፣ ወይ እሰጠዋለሁ ወይ እደፋዋለሁ።»

ምን ልበላቸው? «እስከ አርብ ይታገሱኝ» አልኩ። አርብ ልጁ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ እስከዚያ ሌላ ነገር ካልተገኘ ክሱ የነፍስ ግድያ ነው።

*

ልጁ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ጣቶቹ መሃል ገና ሙጫ አለ።

«ዝጋብኝ ያለኝ ራሱ ነው ጋሼ።»

«እሳት ውስጥ ሆኖ ዝጋብኝ የሚል ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

«እሳት አልነበረማ! ቫርኒሽ ሊቀባ ነበር። ቫርኒሽ በሚቀባበት ቀን ሁሌ ከውጭ ያዘጋል፤ ሰው በሩን በከፈተ ቁጥር አቧራ ገብቶ ሥራው ይበላሽበታል። ሁለት ሰዓት ቆይቼ እከፍትለታለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚሁ ነው።»

«ሁለት ሰዓቱ ሲደርስ የት ነበርክ?»

«አልሞላም ነበር። ተናድጄ ወንዙ ዳር ሄጄ ተቀመጥኩ። ስልኬንም አጥፍቼዋለሁ።»

«የተጣላችሁት በምንድነው?»

«ይቺን ሙያ እተዋለሁ አልኩት። ማንም የአንተን ጠረጴዛ አይገዛም፣ ሰው ሁሉ ቺፑድ ነው የሚገዛው አልኩት።» ጣቱ ላይ የደረቀውን ሙጫ ላጠ። «ዝም ብሎኝ ነበር። በመጨረሻ 'በል ሂድ፤ ስትወጣ ግን ዝጋብኝ' አለኝ።»

«ይህን ማን ይመሰክርልሃል?»

«እሱ» አለ። ከዚያ ምን እንዳለ ገባው መሰለኝ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

የእሳት መንስኤ ባለሙያው እሳቱ ከማለስለሻ ማሽኑ አሮጌ ገመድ ተነሣ ብሏል። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ነው። በሩ የተቆለፈው እሳቱ ሳይነሣ ለሥራ ነው ወይስ እሳቱ ሲታይ ለክፋት? መልሱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛው ሞቷል፣ ሁለተኛውን ማንም አያምነውም።

እውነቱን ለመናገር እኔም አላመንኩትም። ቢሆንም እናቱ ድንጋዩ ላይ ናቸውና ሌላ በር አንኳኳሁ። የአናጢውን ቦታ ለመግዛት ሦስት ዓመት ሙሉ የለመነ የቺፑድ ነጋዴ አለ። «አንድ ቀን ይቃጠልልሃል» ብሎት እንደነበር ሰማሁና ደስ አለኝ፤ ጥፋተኛ የሚመስል ሰው ሲገኝ ደስ የሚለው መርማሪ እኔ ብቻ አይደለሁም። ነጋዴውን ያገኘሁት ጉንጩ እንደ ዱባ አብጦ ነው። ሰኞ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ ነበር። ሐኪሙን ጠየቅሁ፤ ሐኪሙ መሰከረ፤ የተነቀለውንም መንጋጋ በብልቃጥ አሳየኝ። ከዚህ የጠነከረ ምስክር አይቼ አላውቅም።

*

ረቡዕ ጠዋት የአደጋ ጥሪ ማዕከል ሄድኩ። አንድ ሰፊ ክፍል ነው። ስድስት ወንበር፣ ስድስት ማዳመጫ፣ ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ሰዓት። የፈረቃ አለቃው ረዥም፣ ረጋ ያለ፣ ሸሚዙን የተኮሰ ሰው ነው። እስክቀመጥ ወንበር ይዞልኝ ቆመ።

«ኢንስፔክተር፣ ብንሰማ ኖሮ በእግራችንም ቢሆን እንደርስለት ነበር» አለኝ። «ይኸው ዝርዝሩ።»

እያንዳንዱ ጥሪ ተራ ቁጥር አለው። ሰኞ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ዘጠኝ ተኩል የነበሩትን በጣቴ ተከተልኳቸው። 411 ምጥ የያዛት ሴት። 412 ከመሰላል የወደቀ ቀለም ቀቢ። 414 የተሳሳተ ቁጥር።

«413 የት ሄደ?»

አለቃው ዓይኑን አላርገበገበም። «እሱን የኮምፒውተር ባለሙያዋን ይጠይቋት። ቅጂዎቹን ከሠንጠረዥ ወደ ሠንጠረዥ የምታዛውረው እሷ ናት። ጎበዝ ናት፤ ግን ሰው ነች። አንዳንዴ መንገድ ላይ የሚጠፋ የለም ብሎ መማል አይቻልም።»

ባለሙያዋን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ጉንዳን» ነው የሚላት። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ትንሽዬ ናት። መስኮት በሌለው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ሁለት ሹራብ ደርባ ቁም ሣጥን ከሚያህል ማሽን አጠገብ ተቀምጣለች። ማሽኑ ያለማቋረጥ ያጉረመርማል።

«ይሄ ምንድነው የያዘው?» አልኳት።

«የከተማውን የአሥራ ሁለት ዓመት ጥሪ ጋሼ። ሁሉንም።»

እጄን ማሽኑ ላይ ጫንኩ። ይሞቃል። የአሥራ ሁለት ዓመት ጩኸት፣ የአሥራ ሁለት ዓመት «ድረሱልኝ» በዚህች ብረት ውስጥ ታጉሮ ይሞቃል። እኔ ኮምፒውተር የማልወድ ሰው ነኝ፤ ሪፖርቴን እንኳን ጸሐፊዋ ናት የምትመታልኝ። እጄን ግን ቶሎ አላነሳሁም።

«እስቲ እንደ ሕፃን አስረጂኝ» አልኳት።

«ሁለት ሠንጠረዥ አለን። አንዷ የዕለቱ ሠንጠረዥ ትባላለች፤ ቀን የመጣ ጥሪ እዚያ ይገባል። ሁልጊዜ ንጋት ላይ ወደ መዝገቡ ሠንጠረዥ ይዛወርና የዕለቷ ባዶ ትሆናለች። ስምና ሰዓት ማዛወር ቀላል ነው። ድምፅ ግን ከባድ ነው። የአንድ ሰው ድምፅ በአንድ ሰከንድ ስምንት ሺህ ቁጥር ነው።»

«በአንድ ሰከንድ?»

«በአንድ። ስለዚህ ረዥም ጥሪ በአንዴ አይነሣም። የኔ ፕሮግራም ሠላሳ ሠላሳ ሰከንድ እያደረገ ይቆርጠውና ቁራጭ በቁራጭ ተሸክሞ ወስዶ እዚያ ይገጥመዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የሚባለው?»

አሁን ጉንዳን የተባለችበት ምክንያት ገባኝ። አንድ ሰው ሲስቅ፣ ሲያለቅስ፣ ሲጮህ ያንን ሁሉ ቁጥር አድርጎ፣ ቁጥሩን ቆርጦ፣ ተሸክሞ፣ ወስዶ መልሶ ያንኑ ሰው ማድረግ! የዕድሜዬን ግማሽ የሰው ቃል ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ አንድም ቀን ያንን ያህል ታማኝ ሆኜ አላውቅም።

«መጠባበቂያ ቅጂ አልያዛችሁም?»

«ቅጂ የምንይዘው እሑድ እሑድ ነው። እሱ የሞተው ሰኞ ነው።»

«413ስ?»

ፊቷ አመድ መሰለ። «ቁጥር ይዘላል ጋሼ። ደዋዩ ሳይነሣለት ከዘጋ ይዘላል» አለች። ዓይኔን ግን አላየችኝም። ይቺ ልጅ አንድ ነገር ደብቃለች አልኩ በልቤ። እውነት ነበር፤ ምን እንደደበቀች ግን በፍጹም አልገመትኩም።

*

ከዚያ ወጥቼ የእሳት አደጋውን መኪና ሹፌር ፈለግሁ። የድሮ ጓደኛዬ ነው፤ ጎማ ሥር ተንጋሎ አገኘሁት።

«ሰኞ በጣም ዘገያችሁ» አልኩት።

«ለምን አንዘገይ! ከሐሰት ጥሪ ገና መመለሳችን ነበር እኮ።»

«የምን የሐሰት ጥሪ?»

ከጎማው ሥር ወጥቶ እጁን ጠረገና የጉዞ መዝገቡን ከመኪናው አወጣ። በእርሳስ የተጻፈ ነው። ሰኞ፣ ዘጠኝ ከአሥራ ሦስት፣ አሮጌው ወፍጮ ቤት ጀርባ፣ ደረስን፣ ምንም የለም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ወረቀቱን ይዤ እንደ ሞኝ ቆምኩ። የአናጢው ወርክሾፕ ያለው ከወፍጮ ቤት ጀርባ ነው። ከአሮጌው ሳይሆን ከአዲሱ።

«ማን ነው ያዘዛችሁ?»

«ማዕከሉ ነዋ። በሬዲዮ። 'ወፍጮ ቤት ጀርባ' ተባልን። የቱ ወፍጮ ስል 'አሮጌው መሰለኝ' አለ። ስንደርስ 'ደርሰናል' አልነው። እሳት የለም፣ ጢስ የለም፤ አንድ አህያ ብቻ ቆማለች።»

«'አለ' ነው ያልከው? ወንድ ነው?»

«ወንድ ነው። ድምፁ ረጋ ያለ።»

በሰኞው ተራ በዚያ ሰዓት ስልክ ላይ መቀመጥ የነበረባት ሴት ናት። ቤቷ ሄድኩ። መጀመሪያ ወንበሬን አልተውኩም አለች። ሁለተኛ ጊዜ ስጠይቃት አለቀሰች።

«ልጄን ከመዋዕለ ሕፃናት ለማውጣት ግማሽ ሰዓት ወጥቼ ነበር። አለቃ ናቸው የተቀመጡልኝ። ሁልጊዜ ይቀመጡልኛል። ባሌ ጥሎኝ ከሄደ ጀምሮ ማንም ሳያውቅ ይሸፍኑልኛል። በእናትዎ፣ እሳቸውን አይንኩብኝ፤ እንደሳቸው ያለ ደግ ሰው የለም።»

አመንኳት። ደግ ሰው አይሳሳትም ያለኝ የለም።

ቢሆንም የያዝኩት ጥርጣሬ ብቻ ነው። አናጢው መደወሉን ባሳይ እንኳን ልጁን ምን ይጠቅመዋል? «ልጄ ዘጋብኝ» ብሎ ጮኾ ቢሆንስ? የተናገረው 413 ውስጥ ነበር፤ 413 የለም።

*

ሐሙስ ማለዳ ጉንዳን ክፍል በር ላይ ጠበቅኳት። ሹራቧን ሳታወልቅ ነገርኳት። ጥሪው እንደነበረ፣ መኪናው የት እንደሄደ፣ እናትየው ለሦስተኛ ቀን በየማለዳው አዲስ የሚሞሉትን ምሳ ዕቃ ታቅፈው ድንጋይ ላይ እንደተቀመጡ።

ወንበሯ ላይ ዘጭ አለች። «የበላሁት እኔ ነኝ እንዴ?» አለች በቀስታ። «ማክሰኞ አለቃ 'ፕሮግራምሽ አንድ ጥሪ ሳይጥል አልቀረም፤ እኔ እሸፍንልሻለሁ፣ ዝም በይ' አሉኝ። ሁለት ቀን አልተኛሁም።»

«መጣል አለመጣሉን የምታውቂበት መንገድ የለም?»

ቀና አለች። ከመሳቢያዋ አንድ ያረጀ የተማሪ ደብተር አወጣች። ማሽኑን የምታምን ሴት በእስክሪብቶ የምትጽፍበት ደብተር አላት! በየንጋቱ፣ ወደ መዝገቡ ስንት ቁራጭ እንደገባ ትጽፋለች። ሰኞ የተመዘገቡት ጥሪዎች ማክሰኞ ንጋት ተዛውረዋል፤ 1,906 ቁራጭ። አሁን ማሽኑን ጠየቀችው። 1,899።

«ሰባት ጎድሏል» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተቀየረ። «ጋሼ፣ ገብቶ ነበር! አልጣልኩትም! ማክሰኞ ንጋት በደህና ገብቷል። ከዚያ በኋላ ነው የተሰረዘው።»

«ለመሰረዝ የሚችለው ማን ነው?»

«እኔና አለቃ።»

«አንቺ አለመሆንሽን በምን አውቃለሁ?»

«እኔ ብሆን ይሄን ደብተር ላሳይዎት ነው?»

ሰባት ቁራጭ። ሦስት ደቂቃ ተኩል የሚጠጋ የሰው ቃል። ተነስቼ ልወጣ ስል እጅጌዬን ያዘችኝ።

«ይቀመጡ። አንድ ነገር አለ። ለማንም ነግሬ አላውቅም።» በሩን ዘጋች። «ፕሮግራሜ ጉድለት አለበት።»

ግድግዳው ላይ ወዳለው ነጭ ሰሌዳ ሄደች። ከዳር እስከ ዳር የሚደርስ ረዥም መስመር ፊደል ደረደረችበት።

«ቁራጮቹን የምሸከምበት አንድ መያዣ ነው ያለኝ። እንደዚህ ሰሌዳ ይቁጠሩት። አንዱን ቁራጭ አድርሼ ስመለስ መያዣውን አላጠፋውም፤ ሌላውን ከላዩ ላይ እጽፍበታለሁ። ቀጣዩም እኩል ርዝመት ካለው የፊተኛውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። አጭር ከሆነ ግን...» ከመጀመሪያዎቹ ፊደላት ላይ አጭር ቃል ጻፈችባቸው። ከቃሉ በኋላ የፊተኛው መስመር ጅራት እንዳለ ቀርቷል። «መያዣውን ከነጅራቱ ነው የማደርሰው። ስለዚህ ከሠላሳ ሰከንድ ያነሰ ጥሪ ሁሉ በጀርባው ከሱ በፊት የነበረውን ሰው ድምፅ ተሸክሟል።»

«ይህን ስታውቂ አላስተካከልሽም?»

«ያወቅሁት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ለማስተካከል የአሥር ዓመት መዝገብ እንደገና ማዛወር ነበረብኝ፤ አፈርኩ። ስለዚህ ማጫወቻውን ጥሪው በሚያልቅበት ሰከንድ ላይ እንዲቆም አደረግሁትና ሸፈንኩት። ማንም አይሰማውም። አለቃም አያውቁም።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ልላት ነበር፤ አላልኳትም። ሁለታችንም እኩል ነው የገባን። ከ413 ቀጥሎ የመጣው 414 ነው። 414 የተሳሳተ ቁጥር ነው። የተሳሳተ ቁጥር ደግሞ አጭር ነው።

«ስንት ሰከንድ ነው?» አልኳት።

«ሰባት» አለች። ማቆሚያውን አነሳችው። «ከጀርባው ሃያ ሦስት አለ።»

*

መጀመሪያ አንድ ወፍራም ድምፅ መጣ። «ሄሎ፣ ልብስ ሰፊው? ሱሪዬ ደርሷል?» ረጋ ያለ የወንድ ድምፅ፣ «ተሳስተዋል ጌታዬ» አለው። «ውይ ይቅርታ።»

ከዚያ፣ ምንም ሳይንኳኳ፣ ከቃል መሃል ሌላ ሰው ገባ። በሳልና በጢስ የታፈነ፣ ግን የተረጋጋ ድምፅ ነው።

«...ጋው ልጄ ነው። ዝጋ ያልኩት ግን እኔ ነኝ፤ ቫርኒሽ ስቀባ አቧራ እንዳይገባብኝ። ይሄ ስልክ ይቀረጻል አይደል?»

«ይቀረጻል አባቴ። መኪናው ደርሷል፣ በር ላይ ናቸው፣ ይጠንክሩ።»

«እንግዲያው ይቀረጽ። ልጄ ጥፋት የለበትም። አስቀይሜዋለሁ፤ በሩን የዘጋው ግን እኔን ታዝዞ ነው።»

ሳለ። አንድ ከባድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ። መስመሩ ተቋረጠ። እኔ አለቀ ብዬ ተነፈስኩ፤ አላለቀም። ከተቋረጠው መስመር በኋላ ያው ሰው እንደገና ተናገረ።

«አለሁ፣ አለሁ።»

ከዚያ እውነተኛው ጸጥታ ሆነ።

ጉንዳን እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ነበር። «የመጨረሻዋ ከሱ በፊት ካለው ቁራጭ የቀረች ናት» አለች። «የሱም የመጨረሻ ቁራጭ ትንሽ አጥሮ ነበር፤ ስለዚህ ከሥሩ የራሱ የቀድሞው ቃል አለ።»

ምክንያቱ ገባኝ። ገብቶኝም ግን ፀጉሬ እንደቆመ ነው። እሳት ላይ ሆኖ፣ ከእንግዲህ እንደማይተርፍ ያወቀ ሰው፣ ነገ በልጁ ላይ ምን እንደሚባል አስቦ «ይቀረጽ» አለ። ቃሉን አጠፉበት። ቃሉም በአንድ ሱሪ ፈላጊ ጀርባ ተንጠልጥሎ፣ በአንዲት ልጅ እፍረት ተሸፍኖ፣ ሦስት ቀን ጠበቀኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እያልኩ ስተርት ኖሬ፣ እውነት ሲጠራ በጆሮዬ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ባርኔጣዬን አወለቅሁ፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም።

ደጋግመን አልሰማነውም። አንድ ጊዜ ይበቃል።

*

አለቃውን ወደ ክፍሉ ጠርቼ 414ን ከፈትኩለት። ሱሪው ላይ ግራ ተጋባ። «...ጋው ልጄ ነው» ሲል ወንበሩን ፈለገ። የራሱን ድምፅ «በር ላይ ናቸው» ሲል በሰማ ጊዜ ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ።

«'ደርሰናል' ብለውኝ ነበር» አለ። «በሬዲዮ ደርሰናል ሲሉኝ በሩ ላይ ናቸው አልኩት። እያናገርኩት ሞተ። የቱ ወፍጮ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አንድ ቃል ብቻ። ማክሰኞ እናንተ ቅጂውን ስትጠይቁ ከፍቼ ሰማሁትና... ልጇን ልታመጣ የሄደችዋም ከሥራ ትባረራለች፣ እኔም ያለቀልኝ ነው ብዬ...»

«መሳሳትዎን አልጠየቅሁዎትም» አልኩት። «ወፍጮ ያሳስታል። ልጁን ንጹሕ ነው ሲል ሰምተዋል። ሰምተው ሰረዙት። ልጁ ከታሰረ በኋላ።»

ደግ ሰው ነው፤ ሸሚዙም ያው እንደተተኮሰ ነበር። ይዤው ወጣሁ።

ለልጁ የሚገባውን ወረቀት ጻፍኩ። ጸሐፊዋን አልጠበቅሁም፤ በሁለት ጣቴ ራሴ መታሁት። ጉንዳን ቅጂውን ይዛ አብራኝ መጣች። መንገድ ላይ፣ «የአሥራ ሁለት ዓመቱን መዝገብ እንደገና አዛውረዋለሁ» አለችኝ። «ጅራቶቹን ግን ከማጥፋቴ በፊት አንድ በአንድ እሰማቸዋለሁ።»

እናትየው ድንጋዩ ላይ ነበሩ። ስድስት ሰዓት ሆኗል። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ዩኒፎርሜ ቢቆሽሽም ግድ የለኝም።

«እህቴ፣ የማሰማዎት ነገር አለኝ። ከባድ ነው። ካልፈለጉ በቃል እነግርዎታለሁ።»

«የሱ ድምፅ ነው?» አሉ። እንዴት እንዳወቁ አልጠየቅኳቸውም።

ማዳመጫውን ጉንዳን ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው። ሱሪው ሲመጣ ግንባራቸው ተኮማተረ። ከዚያ የደረቁ የሚመስሉት ዓይኖቻቸው እንባ ሞሉ። እኔ ሰከንዶቹን በሰዓቴ ቆጠርኩ፤ የት እንደደረሰ ከፊታቸው አውቃለሁ። ዝጋ ያልኩት እኔ ነኝ። ይቀረጽ። ጥፋት የለበትም። ሃያ ስድስተኛው ሰከንድ ላይ መስመሩ ሲቋረጥ እጃቸው ምሳ ዕቃውን አጥብቆ ያዘ። ሠላሳኛው ላይ፣ ማንም የማይሰማውን ሰው እንደሚያነጋግሩ ሁሉ፣ «አለህ» አሉ ቀስ ብለው።

ማዳመጫውን አውልቀው ለልጅቱ መለሱላት። ምሳ ዕቃውን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ፎጣውን ጠበቅ አድርገው አሰሩት። ከሦስት ቀን በኋላ ከድንጋዩ ተነሡና ቀሚሳቸውን አራገፉ።

«እስቲ ዞር በሉልኝ» አሉን። «ልጄ ምሳ አልበላም።»